«የታመቀ ብሶት»፦ ትርጓሜውና መነሻው

«ታምቆ የቆየው ብሶት ፈነዳ» የሚለው አነጋገር በዜናም በቤት ወግም ዘወትር የሚሰማ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው «የታመቀ» ሲባል «የተደበቀ» ማለት ብቻ ይመስለዋል። ይህ የቃሉን ጉልበት ያሳንሰዋል። አመቀ ማለት ጠቅጥቆ፣ መውጫ አሳጥቶ ያዘ ማለት ነው፤ የተደበቀ ነገር በተቀመጠበት ጸጥ ብሎ ሊኖር ይችላል፣ የታመቀ ነገር ግን የያዘውን ዕቃ ከውስጥ ሳያቋርጥ ይገፋል።

የአነጋገሩ ሥዕል የመጣው ከታመቀ አየር ይመስለኛል። የብስክሌት መንፊያ አፉን በአውራ ጣት ደፍኖ እጀታውን የሚጫን ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እጀታው መጀመሪያ በቀላሉ ይወርድና ግማሽ ላይ ሲደርስ እየከበደ ይሄዳል፣ አየሩም በአውራ ጣቱ ሥር ሾልኮ ለማምለጥ ይታገላል። የአየሩ ብዛት ግን አልጨመረም፤ የጠበበው ስፍራው ነው፤ ሞለኪዩሎቹም በጠበበው ስፍራ ግድግዳውን አዘውትረው ስለሚመቱ ግፊቱ ያይላል።

ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ይህን እ.ኤ.አ. በ1662 በቁጥር አሳይቷል። አንድ ጫፉ በተደፈነ ቆልማማ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ እየጨመረ የታሰረውን አየር ሲያምቀው፣ የአየሩ ቁመት ከ12 ኢንች ወደ 6 ሲወርድ ግፊቱ፣ በሜርኩሪ ዓምድ ቁመት ሲለካ፣ ከ29 ኢንች ወደ 59 ገደማ ወጣ። ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ አየሩ የያዘው ስፍራ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ፣ ሩብ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። መንፊያው በጥድፊያ ሲሠራ ስለሚግል ግፊቱ ከዚህም ያልፋል፤ «ነገሩ ጋለ» የምንለውን ያስታውሰኛል።

እንግዲህ አነጋገሩ በትክክል የሚለው ይህን ነው፦ ብሶቱ ራሱ ባይጨምር እንኳ መናገሪያው በጠበበ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። በ1966 ዓ.ም. የሆነውን «አብዮቱ ፈነዳ» ብለን የምንጠራውም ከዚሁ ሥዕል ተነሥተን ይመስለኛል።

የታመቀውን ብሶት መፍትሔ የያዘውም ያው ቋንቋ ነው። ጎሚስታው የጎማውን ቫልቭ በጥፍሩ ጫን ሲያደርገው አየሩ እሽሽ ብሎ ይወጣል፣ «ተነፈሰ» እንላለን፤ እናትም ሐዘኑን ውጦ የተቀመጠ ልጇን «እስቲ ተንፈስ በል፣ ልጄ» የምትለው በዚያው ግሥ ነው።