ነዳጅ ሲሰጠው የሚዝል ሞተር፦ ስለ ካርቡሬተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተር ሳይክሉ በደንብ ይነሳል። ሚኒሞው ላይም (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ጸጥ ብሎ ይሠራል። መንገድ ወጥታችሁ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይዝላል። ጉልበቱ ለአፍታ ጥፍት ይላል። ትንሽ ስትጨምሩለት ደግሞ ድንገት ነቅቶ ወደፊት ይወረውራችኋል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሳሳ ድብልቅ ነው። ማለትም ለገባው አየር የሚበቃ ቤንዚን አልገባም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ ሳሳ፣ ቤንዚኑ ሲበዛ ወፈረ እንላለን። ሞተር ጉልበት ሲጠየቅ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለውን ይወዳል።

ይሄን ችግር ስታወሩ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። አብዛኛው ምክር ግን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከመፍታት ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከእጀታው ነው።

«ዋናውን ጄት በትልቅ ቀይረው፣ ይለቀቃል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ጄት ማለት ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ዋናው ጄት በደንብ ሥራ የሚጀምረው እጀታው ሦስት አራተኛ ያህል ሲከፈት ነው። ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ የሚያዘው የሚኒሞው ጄትና የድብልቅ ብሎኑ ነው። መሃሉ እጀታው ሲከፈት በቤንዚኑ ቀዳዳ ውስጥ ከፍ የሚለው የመርፌው ነው። መርፌው ሾጣጣ ስለሆነ ከፍ ባለ ቁጥር ዙሪያው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ቤንዚኑም ይጨምራል። እርግጥ ድንበራቸው የተቆረጠ አይደለም፣ አንዱ የሌላው ውስጥ ይገባል። ቢሆንም ሩብ ላይ የሚዝልን ሞተር በዋና ጄት ማዳን አይቻልም። ሩቡ እንደዛለ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበትና ይንተፋተፋል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። የወረቀት ፕላስተር ቁረጡና አንዱን እጀታው ላይ፣ አንዱን አጠገቡ ባለው የማይዞር ክፍል ላይ ለጥፉ። እጀታው ዝግ እንዳለ ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር በእስክሪብቶ አስምሩ። ሙሉ ከፍታችሁ፣ ከማይዞረው መስመር ትይዩ እጀታው ላይ ሌላ መስመር አድርጉ። በመስመሮቹ መሃል ያለውን አራት ቦታ ክፈሉት። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ንዱ። ሲዝል እጃችሁን እዚያው ያዙና ሰረቅ አድርጋችሁ እዩት። ቁራጭ ፕላስተር ከብዙ ግምት ያድናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቫኪዩም (በሞተሩ የአየር ስበት) የሚሠራ ካርቡሬተር ከሆነ እጀታው የሚከፍተው ቢራቢሮውን፣ ማለትም የአየሩን መዝጊያ ብቻ ነው። መርፌውን የሚያነሳው ቫኪዩሙ ስለሆነ ምልክቱ ያን ያህል አይታመንም። እዚህ ላይ መርፌውን የያዘውን ተንሸራታች የሚያነሳውን ስስ ላስቲክ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቅድ ትበቃዋለች።

«ከታነቀ ቤንዚን በዝቶበታል»

የቤንዚን መብዛትም ማነስም ያንቁታል። መለያው ቀላል ነው፦ ሲዝል ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ድብልቁን የሚያወፍረውን) በትንሹ ሳብ አድርጉት። ከተሻለው ሳስቷል፣ ከባሰበት ወፍሯል። የሳሳ ሞተር ገና ሳይሞቅ ይብስበታል። እጀታውን መልሳችሁ ስትዘጉት ድምፁ ቶሎ አይወርድም፤ ማርሚታው ውስጥም ይንጣጣል።

«ደህና ሲሠራ የነበረ ሞተር ድንገት ከዛለ ጄቱ አንሶታል»

ጄት በእድሜ አያንስም! አምና የበቃው ጄት ዘንድሮም ይበቃዋል። ማንም ምንም ሳይነካው የሳሳ ሞተር ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ከማይገባው ቦታ አየር እየሳበ ነው።

እኔ ራሴ ሁለት ቅዳሜ ጄት ሳወጣና ስከት ያባከንኩበት ሞተር ነበር። ጥፋቱ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ላስቲክ ነበር። ቀጥ ብሎ ሲታይ ደህና ነው። በጣቴ ጎንበስ ሳደርገው ግን ከስር በኩል አፉን ከፈተ። በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር በየትኛውም ጄት አልተለካም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ላስቲኩ ዙሪያ ትንሽ ውሃ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አገኛችሁት። ካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩም አሉ፤ እሱ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ስለሚያነሳ አልመክርም።

«የተደፈነ ጄት በሽቦ ይጸዳል»

የሚኒሞ ጄት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነሐስ ለስላሳ ነው። ሽቦ ካስገባችሁበት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። ማጽጃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በአየር ንፉት፣ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ድገሙት።

«መርፌውን ለማንሳት ክሊፑን ከፍ ማድረግ»

ተቃራኒው ነው። መርፌው የተንጠለጠለው አናቱ ላይ ካሉት ጭረቶች በአንዱ በገባው ክሊፕ ስለሆነ ክሊፑን ወደ ታችኛው ጭረት ስታወርዱት መርፌው ራሱ ከፍ ይላል፣ ድብልቁም ይወፍራል። መሃል ላይ ለሚዝል የሳሳ ሞተር መድኃኒቱ ይሄ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጭረት ብቻ፣ ከዚያ ነድቶ ማየት። መርፌው ጭረት ከሌለው ከአናቱ ስር ስስ ሮንዴላ ይገባል።

«የድብልቅ ብሎኑ ሲላላ ሁሌም ይወፍራል»

እንደ ቦታው ነው። ብሎኑ በሞተሩ በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚለካው ነዳጅ ነው፤ ሲላላ ይወፍራል። በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚለካው አየር ነው፤ ሲላላ ይሳሳል። ከመንካታችሁ በፊት ቀስ አድርጋችሁ እስኪቆም አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ። በካቻቢቴ ጨክናችሁ ከገፋችሁት ጫፉ ይበላሻል።

«ክፍት ፊልትሮና ክፍት ማርሚታ ጉልበት ነው»

ድምፅ ነው። ብዙ አየር በቀላሉ ሲያልፍ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለሌላ ሁኔታ ስለሆነ ድብልቁ ይሳሳል። በቫኪዩም የሚሠራው ደግሞ የፊልትሮ ሳጥኑ ሲወልቅ ክፉኛ ይታወካል። መዛሉ የጀመረው ከዚህ ለውጥ ማግስት ከሆነ የድሮውን መልሱና ሞክሩ።

«ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁም ይሳሳል»

አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ይወፍራል። ቤንዚኑ ያን ያህል አይቀንስም፣ በይበልጥ የቀነሰው አየሩ ነው። ቆላ ላይ ልክ የነበረ ሞተር ተራራ ላይ ቢንተፋተፍ አይግረማችሁ። ደጋ ላይ በትንሽ ጄት የተስተካከለው ግን ቆላ ሲወርድ ይሳሳል፣ ይግላል።

«ካርቡሬተሮቹን ማመሳሰል መዛሉን ያጠፋዋል»

ሁለት ወይም አራት ካርቡሬተር ያለው ሞተር ላይ ማመሳሰል የሚያደርገው ቢራቢሮዎቹ እኩል እንዲከፈቱ ነው። ሚኒሞውን ያረጋጋል፣ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። የሳሳውን ድብልቅ አያወፍርም። የቫልቮላው ክፍተት ተለክቶ፣ ጄቱና መርፌው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ መጨረሻ ላይ ይሠራል።