የፍሬን ዘይት «አረጀ» ማለት ምን ማለት ነው? የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ

አንድ አባባል ከተማውን ሞልቶታል። «የኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ዘይት አያረጅም፤ ፍሬኑን የሚይዘው ሞተሩ ነዋ!» ሻጩ ለገዢ ይለዋል። ገዢው ለጎረቤቱ ይለዋል። በቅርቡ ደግሞ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው «ሸራው አዲስ ከመሰለ ዘይቱም አዲስ ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ አየሁ። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ከበደኝ። ስህተቱ ትንሽ ይመስላል። የሚያመጣው ጣጣ ግን ትንሽ አይደለም።

ሸራ፣ ማለትም ዲስኩን ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል፣ የሚያልቀው በመረገጥ ነው። የፍሬን ዘይት የሚያረጀው በጊዜ ነው። አብረው ይሠራሉ እንጂ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሸራ አይቶ ስለ ዘይት መፍረድ አይቻልም።

ስለ ሸራው የተባለው ልክ ነው፤ እሱን አልክድም። እግራችሁን ከፍጥነት መርገጫው ስታነሱ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፤ ጉልበቱም ወደ ባትሪ ይመለሳል። ሪጄን የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ምክንያት የኤሌክትሪክ መኪና ሸራ ከቤንዚን መኪና ሸራ በጣም የበለጠ ይቆያል። ክርክሬ «እንግዲያው ዘይቱም ይቆያል» ከሚለው ጋር ነው።

በመኪኖቻችን ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ከግላይኮል ቤተሰብ የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ይወዳል። የማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻ አለው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የላስቲክ ቱቦዎችም ዓይን የማያየው እርጥበት ያሳልፋሉ። መኪናው ተነዳም ግቢ ውስጥ ቆመም እርጥበቱ መግባቱን አያቆምም። ውሃ መውደዱ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ውሃው ከዘይቱ ጋር ባይዋሃድ ኖሮ ጠብታ ሆኖ ታች ይጠራቀም፣ ያረፈበትን ብረት ያዝግ፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላ ነበር።

ማዕድ ቤት ያለውን የጨው ዕቃ አስቡት። ክረምት ሲገባ ጨው ይረጥባል። የሚረጥበው ብዙ ወጥ ስለተሠራበት አይደለም። እንዲያውም ብዙ የሚሠራበት ቤት ጨው ቶሎ ስለሚያልቅ ለመርጠብ ጊዜ አያገኝም። የሚረጥበው ተቀምጦ የከረመው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ዘይት ተቀምጦ የሚከርም ጨው ነው። በቤንዚን መኪና ሸራ ሊቀየር ጎማ በወለቀ ቁጥር መካኒኩ ዘይቱንም ያያል፤ ጠንቃቃ ከሆነ ይቀይረዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሸራ ግን ዓመታት ስለሚቆይ ዘይቱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሰዎች «አያረጅም» የሚሉበት ምክንያት ራሱ ነው ዘይቱን የሚያስረሳው።

ጨዉን ሳልለቅ ትንሽ ልቀጥል። የረጠበ ጨው ላይ ደረቅ ጨው ብትደፉበት ደረቁም ይረጥባል። ከማጠራቀሚያው ላይ ጥቂት አዲስ ዘይት ጨምሮ «ቀይሬዋለሁ» የሚል ጋራዥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ታች ካሊፐሩ (ጎማው ጋ ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል) ጋ ያለው አሮጌ ዘይት ከቦታው አልተነቃነቀም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ወራት የከረመ ጠርሙስም ክዳን እንደሌለው የጨው ዕቃ ነው፤ ከእሱ የተቀዳው ዘይት ገና ሳይገባ አርጅቷል። የታሸገ ጠርሙስ ፊታችሁ ይከፈት። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ጨው ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይደርቃል፤ ሲረጥብም እጅ ያውቀዋል። የፍሬን ዘይት ግን አንዴ ውሃ ከያዘ አይደርቅም። በእጅም በዓይንም አይታወቅም። «ቀለሙ ንጹሕ ነው» የሚለውም አይሠራም፤ ንጹሕ ቢጫ ሆኖ ብዙ ውሃ የያዘ ዘይት አለ፣ ጠቆር ብሎ ገና የሚሠራም አለ።

ውሃ መያዙ ምን ያመጣል? የሚፈላበትን ሙቀት ያወርደዋል። የፍሬን ዘይት ደረጃዎች «ዶት» እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። በአሜሪካ ደንብ አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ገደማ ውሃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ዲግሪ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው አይቆምም። ሾፌሮች «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ከሚሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ጥሩ ጥያቄ ያነሳል። «ሪጄኑ እየያዘልኝ ፍሬኑ በምን ይግላል?» መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ሪጄን ሁልጊዜ አይኖርም። ባትሪው 100 በመቶ ሲሞላ ጉልበቱ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሪጄን ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። ድንገት አጥብቃችሁ ስትረግጡና ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት) ሲገባ ሥራውን የሚሠራው ዘይቱና ሸራው ነው። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሪጄኑ ሲጎድል ራሳቸው ሸራውን ያስነክሳሉ። የሾፌሩ እግር ልዩነቱን አያውቀውም። «ሪጄን ላይ ነኝ» ብሎ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሸራው እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል።

እንጦጦ አካባቢ የምትኖሩ፣ ማታ ቻርጅ ሰክታችሁ ጠዋት በሙሉ ባትሪ ወደ ከተማ የምትወርዱ፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከጫፉ እስከ አራት ኪሎ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን መኪና በዚያ ቁልቁለት 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ማጥፋት አለባት። ጥቂቱን ንፋስና ጎማ ይወስዱታል። ባትሪው ካልተቀበለ የቀረው በሙሉ ዲስክ ላይ ሙቀት ይሆናል። ቻርጁን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሙት።

የሚገርማችሁ፣ ሁሉም የሚፈራው የአባይ በረሃ በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ እዚያ ስትደርሱ ግን ባትሪው ብዙ ጎድሏል፤ ሪጄኑ የሚያስገባበት ቦታ አለው። ጎሃ ጽዮን አድራችሁ ባትሪ ሞልታችሁ ከተነሳችሁ ነገሩ ይለወጣል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዲግሪ በባሕር ወለል የአየር ግፊት የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃም የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እግራችሁ ከፍሬን ፔዳሉ ላይ ሲነሳ በዘይቱ ላይ ያለው ግፊት የአካባቢው አየር ግፊት ነው፤ ስለዚህ ዘይቱም ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ይፈላል። ብቻውን አደጋ አይደለም። ካረጀ ዘይት ጋር ሲደመር ግን መጠባበቂያችሁን ይበላል።

መፍላት ብቻም አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ዝገት የሚከላከሉ ቅመሞች አሉ፤ እነሱም በጊዜ ይደክማሉ። ያን ጊዜ ከቧንቧዎቹ ውስጥ መዳብ እየሟሟ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ብረቱም መዛግ ይጀምራል። በኤሌክትሪክ መኪና የፍሬን ጉልበት የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አሃድ ነው፤ በብዙዎቹ ከኤቢኤሱ ጋር አንድ ላይ ተገጥሟል። ውስጡ ቀጫጭን ቫልቮች አሉት። ዝገት ገብቶ ካበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አይጠገንም፤ ሙሉውን መቀየር ነው። የዘይት ዋጋ ከዚህ ጋር ለንጽጽርም አይቀርብም።

«ቴስላ እንኳ አይቀየርም ይላል» የሚል መከራከሪያም ሰምቻለሁ። አይልም። የሞዴል 3 እና የሞዴል ዋይ መመሪያ የፍሬን ዘይቱ በየ4 ዓመቱ ይመርመር፣ ካስፈለገም ይቀየር ነው የሚለው። ተጎታች የሚስብ፣ ተራራ የሚወርድ፣ በተለይም ሞቃትና እርጥበታማ አገር የሚነዳ ከዚያ ቀድሞ ያስመርምር የሚል ማሳሰቢያም ሰጥቷል። «ይመርመር» ማለት «ተዉት» ማለት አይደለም። መመርመሪያ ለሌለው ጋራዥ ደግሞ ያለው አማራጭ በጊዜው መቀየር ነው። ፎልስዋገን አይዲ ለሚባሉት የኤሌክትሪክ መኪኖቹ መጀመሪያ በ3 ዓመት፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላል። ሁለቱም ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚሠሩት። ሁለቱም የሚቆጥሩት በዓመት ነው።

ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ሰው የሚሳሳተው እዚህም ላይ ነው። እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ሰሌዳ ከወጣበትም አይደለም። ዘይቱ የተሞላው ፋብሪካ ውስጥ ነው። መኪናው ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ግቢ ቆሟል፣ በመርከብ ተጉዟል፣ ጅቡቲ ወደብ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ውስጥ ሰንብቷል፣ ከዚያም መሸጫ ግቢ ውስጥ ገዢ ጠብቋል። «ዜሮ ዜሮ» ተብሎ የተገዛ መኪና የፍሬን ዘይቱ ዓመት ያለፈው ሊሆን ይችላል። ከቻይና የመጣ ከሆነ የተመረተበት ዓመትና ወር በአምራቹ መለያ ሰሌዳ ላይ ስላለ ከዚያ ቁጠሩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በብዛት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመት አልፏቸዋል። እንደ አይዲ 6 ያሉት ደግሞ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ መመሪያቸው በቻይንኛ ነው፤ የጥገና ሠንጠረዡን አስተርጉሙት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነና ማንም ካልነካካው እተወዋለሁ። 2 ዓመት ከሞላው የመፍያ ነጥቡን እለካለሁ። ዶት 4 ሆኖ ከ180 ዲግሪ በታች የሚፈላ ከሆነ እቀይራለሁ። መለኪያ ከሌለ ሳልከራከር እቀይራለሁ። ድሬዳዋ፣ አፋር ወይም ጅቡቲ መስመር የሚሠራ መኪና ከሆነ ከዚህም ፈጠን እላለሁ። የዕድሜ ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ መኪና ከተገዛ ያው ሳምንት ይቀየር።

ስለ መለኪያው ግን ተጠንቀቁ። መብራት የሚያበራው ርካሽ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ የሚለካው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ውሃውን ይገምታል። የዘይቱ ዓይነት ሲለያይ ግምቱም ይዛባል። ናሙናውን አሙቆ በትክክል የሚያፈላው መሣሪያ ይሻላል። ናሙናውም ከማጠራቀሚያው ብቻ ከተወሰደ ሊያታልል ይችላል፤ የሚግለው ዘይት ካሊፐሩ ጋ ያለው ነው።

ሲቀየር ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት ይግባ። ዶት 5.1 እና ዶት 5 በስም ይቀራረባሉ፤ በባሕርይ ግን አይገናኙም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው። ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ ላለው መኪናም አይሆንም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከገባ ላስቲኮቹን ያሳብጣል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን አትንኩ፣ መኪናውን አትንዱ።

ዘይቱ ሲቀየር ከቧንቧዎቹ አየር ማስወጣቱም በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንደ ድሮው «ርገጥ፣ ያዝ፣ ልቀቅ» ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ተሰክቶ መኪናው ወደ ጥገና ሁነታ መግባት፣ የኤቢኤሱም ፓምፕ መሥራት አለበት። ጋራዡ ይህ መሣሪያ አለው ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጎማው ከወለቀ አይቀር የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ይታዩና ግሪስ ይቀቡ። ሸራው በብዛት ስለማይሠራ ፒኖቹ ደርቀው ይነክሳሉ፣ ዲስኩም ይዝጋል።