በብርሃን የሚታዘዝ የካንሰር የጂን ሕክምና

ይህ በምርምር ላይ ያለ ዘዴ ጂንን፣ ወይም የጂንን ሥራ የሚያስቆም አጭር አር ኤን ኤን (የዲ ኤን ኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል)፣ በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታይ እጅግ ጥቃቅን መያዣ፣ አሳፍሮ ወደ ዕጢ ይልካል፤ ጭነቱ የሚራገፈው ሐኪሙ ብርሃን ባበራበት ቦታ ብቻ ነው። ለመደበኛ ሕክምና ገና አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይና የፈቀደችው የካንሰር የጂን መድኃኒት በቫይረስ የሚጓጓዝ ነው። በ2018 አሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የአጭር አር ኤን ኤ መድኃኒት በስብ ቅንጣት ቢጫንም ለካንሰር አይደለም፤ ብርሃንም አይጠብቅም።

ብርሃን ለምን አስፈለገ? መሸፈኛ የሌለው አር ኤን ኤ ደም ውስጥ ወዲያው ይበጣጠሳል። በቅንጣት ተሸፍኖ ሴል ቢገባም ኢንዶዞም የሚባል ከረጢት ይውጠውና አብዛኛው እዚያው ይፈጫል። በኦስሎ እነ ክርስቲያን በርግ በ1999 ያሳተሙት መፍትሔ ብርሃን ሲነካው የሚነቃ ኬሚካል ከመድኃኒቱ ጋር ማስገባት ነበር፤ ኬሚካሉ ሲነቃ የከረጢቱን ግድግዳ ይቀድዳል፣ መድኃኒቱም ይወጣል። የወርቅ ናኖ ዘንጎች ደግሞ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ከቀይ ቀጥሎ ያለ ብርሃን፣ ሲያርፍባቸው ግለው የያዙትን ይለቃሉ።

ትልቁ ገደብ ጥልቀት ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን (ከቀይ እስከ ኢንፍራሬድ መጀመሪያ) ደምና ውኃ እምብዛም ስለማይውጡት የተሻለ ይዘልቃል፤ ቢሆንም ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዘዴው የሚያዋጣው በቆዳ፣ በአፍ፣ በማኅፀን በርና ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን የመመርመሪያ ቱቦ) በሚደርስበት የምግብ መውረጃ ቱቦ ነው።

ከእነዚህ የመጨረሻው፣ የምግብ መውረጃ ቱቦ ጉዳይ፣ አዳማን በቅርብ ይነካታል። ከተማዋ ወደ አርሲና ባሌ መውጫ ናት፤ ከሁለቱ አካባቢዎች በሚመጡ ሕሙማን ላይ የምግብ መውረጃ ቱቦ ካንሰር በርከት ብሎ እንደሚታይ የአገር ውስጥ ጥናቶች አሳይተዋል። ጂን የሌለበት የብርሃን ሕክምና፣ ፎቶፍሪን በተባለ ብርሃን ሲነካው በሚነቃ መድኃኒት፣ ለዚሁ ካንሰር አሜሪካ ውስጥ በ1995 ተፈቅዷል። ዘዴው ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሦስቱንም በተግባራዊ ዘርፍ ያስተምራል። ስለዚህ ርዕሱ ለአዳማ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ መሆን የለበትም።

ፎቶፍሪን የወሰደ ሰው ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መከለል አለበት፤ ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የወርቅ ቅንጣት እንዲህ ያለ ጣጣ ባይኖረውም በጉበትና በጣፊያ ለረጅም ጊዜ ይከማቻል።