ሰውኛ ምንድን ነው? ከአያ ጅቦ እስከ እውነተኛው ጅብ

«አያ» በዕድሜ ለሚበልጥ ወንድ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የጎረቤት ገበሬ፣ የአባት ወዳጅ፣ ታላቅ ወንድም በዚሁ ይጠራል። እኛ ደግሞ ማታ ማታ አጥር ጥሶ በግ ለሚወስድ አውሬ ሰጠነው፤ አያ ጅቦ አልነው። ጦጣዋ እመት ጦጢት ተባለች፣ አንበሳው አያ አንበሶ። ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንሰማው ተረት ከእነዚህ ከሦስቱ እምብዛም አይወጣም ነበር። አልተኛም የሚል ልጅ ካለ ተረቱ ወደ ማስፈራሪያ ይለወጥና «ዝም በል፣ አያ ጅቦ ይሰማሃል» ይባላል። በስድስት ዓመቴ ጅብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስግብግብ፣ ፈሪና ጅል መሆኑን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሳያዩ የማወቅ ነገር ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሰውኛ ከሚለው ቃል መነሳት ይሻላል። አብዛኞቻችን ቃሉን የምናውቀው ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ከዘይቤዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ግብር መስጠት ተብሎ ይተረጎማል፤ «ነፋሱ አቃሰተ»፣ «ተራራው አኮረፈ» የሚሉ ምሳሌዎች ይሰጡበታል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። ቃሉ ግን ከዘይቤ የሚሰፋ የአስተሳሰብ ልማድም ይሸከማል። እንስሳን ስናይ የሰው ሐሳብ፣ የሰው ተንኮል፣ የሰው ኃጢአትና ጽድቅ እየሰጠን የማየት ልማድ ነው። የሥነ ልቦና ሰዎች አንትሮፖሞርፊዝም ይሉታል። እኔ ሰውኛ በሚለው እቀጥላለሁ፤ አጭርም ነው፣ የራሳችንም ነው።

ልማዱ በራሱ ነውር የለበትም። ያለ እሱ ተረት የለም፤ ለተጎዳ ውሻ ማዘንም ከእሱ ጋር ዝምድና አለው። ነገሩ የሚበላሸው ልብሱን ያለበስነው እኛው መሆናችንን ስንረሳና የእንስሳው ቆዳ አድርገን ስናየው ነው።

ሰው ከተወለደ ጀምሮ እንስሳን በራሱ መስፈሪያ ይለካል፣ ተፈጥሮው ነው የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ይህን አናጋው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተመራማሪዎቹ የሦስትና የአምስት ዓመት የከተማ ልጆችን ይዘው ለገሚሶቹ «ሰው በውስጡ እንዲህ የሚባል ነገር አለው» ብለው ሰምተውት የማያውቁትን ስም ነገሯቸው፤ ለቀሩት ደግሞ ያንኑ ነገር ያለው ውሻ ነው አሏቸው። ከዚያ ሌሎች እንስሳትስ አላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። የአምስት ዓመቶቹ ነገሩን ከሰው የተማሩት እንደሆነ ለሌላው እንስሳ በለጋስነት ያድላሉ፤ ከውሻ የተማሩት እንደሆነ ግን ይቆጥባሉ። በሦስት ዓመቶቹ ዘንድ ይህ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ሰውን የሁሉ መለኪያ ማድረግ አብሮን የተወለደ ሳይሆን በመካከሉ የምንቀስመው ነገር ነው ማለት ነው። ያ ዕድሜ ተረቱ፣ ሥዕላዊ መጽሐፉና ቴሌቪዥኑ በብዛት የሚገቡበት ዕድሜ ነው።

በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ወደ መጽሐፉ ራሱ ጠጋ ብሏል። በካናዳ፣ ቶሮንቶ ለሚኖሩ ትንንሽ ልጆች ስለማያውቋቸው እንስሳት ተነበበላቸው። አንዱ መጽሐፍ እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚኖር ይናገራል፤ ሌላው እንስሳውን እንደ ሰው ያወራዋል። የሰውኛው መጽሐፍ የተነበበላቸው ልጆች ለእውነተኛው እንስሳ የሰው ጠባይ ወደ መስጠት አዘነበሉ፤ ስለ እንስሳው የያዙት እውነትም አነሰ። ታሪኩ ስለሚጣፍጥ ዕውቀቱም አብሮ ይገባል የሚለው የወላጆች ተስፋ ሁልጊዜ አይሠምርም።

በእኛ አገር ይህ ሥራ ለዘመናት የእሳት ዳር ሥራ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲጀመር አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ተረቱን ይዘውት ወደ ስቱዲዮ ገቡ፤ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይም የአገሩን ልጅ ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ አስቀመጡት። ከዚያ ቀጭኔዋ አሻንጉሊት ፀሐይ መጣች። ቀጭኔ በእግሯ ሄዳ የማታልፍበት ሰፈር ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬ ቀጭኔን እንደ ጓደኛ ያውቃታል። ጅቡን ግን ማታ ማታ ድምፁን እየሰማ እንደ ጠላት ያውቀዋል። የሚገርመው ይህ ነው።

ስለዚህ ከጅቡ ጋር ትንሽ እንቆይ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን። ምስኪን መስሎ ቀርቦ ጊዜ ሲያገኝ ለሚጎዳ ሰው የሚነገር፣ በጣም ያማረ ተረትና ምሳሌ ነው። እውነተኛው ጅብ ግን አያነክስም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ወገቡ ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል። ያው አካል ረጅም ርቀት ሳይደክም እንዲሮጥ የሚያስችለው ነው። እኛ ከአጥንቱ ቅርጽ ላይ ተንኮል አነበብንበት። ሳቁም እንዲሁ ነው። ሲጨነቅ፣ ሲባረር፣ ምግብ ሲነጠቅ የሚያወጣውን ድምፅ «ሳቀ» አልነው።

«አያ» የሚለውም አልገጠመለትም። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ መንጋ የሚመራው በሴቶች ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ምግብ ላይ ቅድሚያው የእሷ ነው፤ የበላይነቷም ለልጆቿ ይተርፋል። እመት ጅቢት ብንላት ኖሮ ወደ እውነቱ በቀረብን።

ሰነፍ ነው፣ የሌላውን ትራፊ ይለቅማል የሚባለውም ቢሆን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተፈትሿል። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በታንዛኒያ፣ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት ጅቦችን እየተከተለ ሲያጠና ጅቦቹ ሌሊት በመንጋ የሚያድኑ አዳኞች ሆነው አገኛቸው። በንጎሮንጎሮማ ጅቦቹ የገደሉትን እየነጠቀ የሚበላው ብዙ ጊዜ አንበሳው ነበር። አንበሳውን ግን ሳንቲማችን ላይ ቀርጸነዋል፣ የከተማ አውቶቡስና ጫማ ሰይመንለታል። ልጁ ጎበዝ ሲሆን «አንበሳ!» እንለዋለን፤ ድርሻውን አልፎ የበላውን ሰውዬ «ጅብ» እንለዋለን።

ፍርሃቱ ሁሉ ከተረት የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ጅብ ሰው ይበላል፤ ልጅ ይነጥቃል፤ ደጅ የተኛን ያጠቃል። ጨለማ ውስጥ እንዳትወጣ ያለችኝ እናቴ ሥነ ጽሑፍ እየፈጠረች አልነበረም። ነገር ግን ከሚናከስ እንስሳ መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ እንስሳውን ክፉ ሰው አድርጎ መጥላት ሌላ ነው። ሁለተኛው ድንበር የለውም፤ ከአውሬው ተነስቶ ወደ ሰው ይሻገራል።

ቡዳ የሚባለው እምነት ምስክር ነው። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ስንት ዘመን ተወራ። ጆሮ ጌጥ ያደረገ ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እዚህ የነበሩ አውሮፓውያን ሳይቀሩ ጽፈውታል። በጎንደር አካባቢ ብረትና ሸክላ በመሥራት ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህ ስም ተለጥፎባቸው ኖረዋል። ገበሬው ማረሻውን ከሠራለት፣ ምጣዱን ከጋገረችለት ሰው ጋር ግን ማዕድ አይጋራም፤ ልጁን አይድርለትም። መጀመሪያ ለጅቡ የሰው ክፋት ተሰጠ፤ ቀጥሎ ያ ክፋት ከጅቡ ላይ ተገፍፎ ሰው ላይ ተደረበ። ሰውኛ ተገልብጦ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ እስከ ዛሬም ከሁሉም ሰፈር አልጠፋም።

ሐረር ሄጄ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ ላይ ዋራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ። ዋራባ በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጅብ እየገባ ጎዳናውን እንዲያጸዳ የተተዉ ናቸው። ጅቡ ጂኒ ይበላል፣ ከተማዋን ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ይባላል። በዓሹራ በዓል ቅቤ የተደረገበት ገንፎ ይቀርብለትና አበላሉ ታይቶ የዓመቱ ዕጣ ይገመታል። ልብ በሉ፤ ይህም ተረት ነው። ሐረሬው ከሰውኛ ነፃ ወጥቶ ጅብን በሳይንስ ዓይን አያየውም። እንስሳው ያው ነው፣ ጥርሱም ያው ነው፤ የተሰጠው ሚና ግን የሌባ ሳይሆን የዘበኛ ነው። የዘበኛ ደግሞ ቀዳዳ ይተውለታል።

ከግንቡ ውጭ ማታ ጅብ የሚያበላው ሰውዬ ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ ጠቅልሎ እንጨቱን ሰጠኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጣው ጅብ ጆሮው ክብ፣ አፍንጫው እርጥብ ነው፤ ትንፋሹ ያረጀ ሥጋ ይሸታል። ሥጋውን በጥርሱ ጫፍ፣ ልክ ትኩስ ነገር እንደሚያነሳ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወሰደው። (ያው «እንደ ሰው» አልኩ፤ ልማድ ነው።) ወዲያው ከኋላ አንዲት ገዘፍ ያለች መጥታ በትከሻዋ ገፋችው፤ ሲሸሽ ያ የታወቀው ሳቅ ወጣው። ሥጋውን ጥሎ ጆሮውን አጣጥፎ ነበር የሚስቀው። በልጅነቴ ተጠቅልዬ ስሰማው ያ ድምፅ በእኔ ላይ የሚሳቅ ይመስለኝ ነበር።

ሌላውም ዓለም ከዚህ አያመልጥም። በ1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም አሉ፤ ጋዜጣ በካርቱን አወጣው፤ የብሩክሊን ባለ ሱቅ ከዚያ ተነስቶ የጨርቅ ድብ ሰፋ፤ እነሆ ሰው የሚገድል አውሬ የሕፃን አልጋ ላይ ተኛ። በ1942 የወጣው የዲዝኒ «ባምቢ» የአጋዘን ግልገል እናቱን በጥይት ሲያጣ ካሳየ በኋላ አዳኞች ስማችን ጠፋ ብለው ተቆጡ። ለሚያምር እንስሳ ብቻ የሚነሳ ርኅራኄ እስከ ዛሬ «የባምቢ ውጤት» ይባላል። በ1975 የታየው የሻርክ ፊልም የተመሠረተበትን ልብ ወለድ የጻፈው ፒተር ቤንችሊ ደግሞ በኋላ ዘመኑ ሻርክን እንዲያ አድርጎ በመሣሉ ተጸጽቶ፣ ቀሪ ጉልበቱን ለሻርክ ጥበቃ ሰጥቷል።

ሆኖም ለፊልም ያልሠራውን ሥራ መስጠትም ልክ አይደለም። ስለ አንዲት ሰማያዊ ዓሣ በ2016 የወጣ የካርቱን ፊልም ሰውን ሁሉ ዓሣዋን እንዲገዛ አነሳሳ ተብሎ ብዙ ተጮኸ፤ ሲጣራ ወደ አሜሪካ የገባው ዓሣ ቁጥር አልጨመረም። የጨመረው ስለ ዓሣዋ በኢንተርኔት መረጃ የሚፈልገው ሰው ነው። አንድ ፊልም ብቻውን ይህን ያህል ነው። የሚከብደው ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሺህ ጊዜ የተደገመው ነው።

የድግግሞሹ ጉዳት ትክክለኛውን ምክንያት መሸፈኑ ይመስለኛል። በትግራይ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት የጅብ ኩስ እየሰበሰበ በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምሯል፤ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ። በዚያ አካባቢ ያሉ ጅቦች የሚኖሩት ከሰው ቤት በሚወጣ ትርፍራፊና በቤት እንስሳ ነው። ጾሙ ሲገባ ለ55 ቀን እርድ ይቀራል፤ ቆዳ፣ አንጀትና አጥንት ደጅ አይጣልም። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ፋሲካ ሲደርስ መልሶ ቀነሰ። በመጋቢት አህያው የተበላበት ገበሬ ክፉ ጅብ መጣብኝ ይላል፤ ኀዘኑ እውነት ነው፣ አህያ ማለት ጉልበቱ ነው። ጅቡን በረቱ ድረስ ያመጣው ግን ክፋት ሳይሆን የእኛው የቀን መቁጠሪያ ነበር። የበረቱን በር በሁዳዴ በተለይ ማጠናከር የሚባል ቀላል ዘዴ ከዚህ ይገኛል፤ ከአያ ጅቦ ተረት ግን አይገኝም። በሌላ በኩል በመቀሌ የተሠራ በ2021 የታተመ ጥናት ጅቦች በየዓመቱ 207 ቶን ያህል የሞተ እንስሳ እንደሚያስወግዱ ገምቷል፤ ያ ባይበላ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችል ነበር።

ባለፈው ሁዳዴ ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። አምስት ዓመቷ ነው፤ ተረት ስትጠይቀኝ አያ ጅቦን መንፈግ አልቻልኩም፤ ከተረቱ በኋላ ግን ስለ እውነተኛው ጅብ፣ ስለ ሥጋ ቤቱና ስለ አህያው ጨመርኩላት። ከአልጋዋ ቀና ብላ ሰማችኝ።

«አጎቴ፣ ለአያ ጅቦ ጾም መግባቱን ማን ነገረው?»

«ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ አየ» አልኳት።

«እንግዲያው ሽሮ ይስጡት» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።