የኢንተርኔት ስልክ በባሕር ዳር፦ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለመኖሪያ ቤቶች

የኢንተርኔት ስልክ ድምፅን በተለመደው የስልክ መስመር ፋንታ በኢንተርኔት አሳልፎ መነጋገር ነው። ዛሬ በባሕር ዳር በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ የማይደዋወል ሱቅ፣ ፔንሲዮን ወይም ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የሚወስዱ የጀልባ ባለቤቶችና አስጎብኚዎች ከሁሉም በላይ ይጠቀሙበታል። እንግዳው ገና አገሩ ሳለ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፎቶ ይላክለታል፣ ቀኑ ይቆረጣል። ጣና ዳር ለምትኖር የቱሪስት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ኢንተርኔት ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ። ብዙዎች ግን ኢንተርኔትን ያወቁት በኢንተርኔት ካፌ በኩል ነው።

ሕጉ ረጅም ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለቴሌ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ጥሪው በኢንተርኔት ገብቶ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ በኩል ሲተላለፍ ያ ገቢ ይቀራል። እህቱ ከአሜሪካ ደውላ ስልኩ ላይ በ09 የሚጀምር የማያውቀው ቁጥር የወጣበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ብዙ ሲም የተሰካበት መሣሪያ በመሃል ገብቶ ነው ጥሪውን ያቀበለው። ይህ ዛሬም ወንጀል ነው፤ መሆንም አለበት።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ቅጣቱን አከበደው። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። አገኘ ተብሎ የሚገመተውን ገቢ አምስት እጥፍም እንዲቀጣ አዘዘ። አገልግሎቱን የሚያገኘው ሰው ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ተደነገገበት። የውጭ መገናኛ ብዙኃን “ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች” ብለው ዘገቡ። መንግሥት በበኩሉ ክልከላው ጥሪ የሚሸጡትን እንጂ ለራሱ የሚደውለውን ሰው አይነካም አለ። በተግባር የታየው ከመንግሥት ማብራሪያ ጋር ይስማማል። የአዋጁ ቃል ግን ከማብራሪያው ሰፋ ማለቱ አይካድም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ዳታን ዋጋ በ43 በመቶ ቀነሰ። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 በይፋ ሥራ ጀመረ። ባሕር ዳር ከይፋዊው ምረቃ በፊት የሙከራ አገልግሎት ካገኙት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ይገባታልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድምፁ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይቆራረጥና በትናንሽ ጥቅሎች ይላካል። ባልተጨመቀ ድምፅ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ወደ 90 ኪሎቢት ይወስዳል፤ የስልክ መተግበሪያዎቹ ግን አጭቀው ስለሚልኩ ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ጥሪ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የፍጥነት ማነስ አይደለም፤ ጥቅሎቹ መዘግየታቸውና መጥፋታቸው ነው። መዘግየቱ ከ150 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ሁለቱም እኩል “ሃሎ? ሃሎ?” ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። ማታ ማታ ልጆች በቤቱ ዋይፋይ ቪዲዮ ሲያዩ ይህ ይብሳል። ያኔ ቪዲዮውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ ማውራት፣ ወይም የድምፅ መልእክት መላክ ይሻላል።

ትልቁ ድክመቱ መብራት ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ከቴሌ ማዕከል፣ በ48 ቮልት ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የዋይፋይ ራውተር ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለራውተሩ ብቻ የምትሆን አነስተኛ ባትሪ መግዛት ለፔንሲዮን ባለቤት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ኢንተርኔቱ ራሱም ይቋረጣል። በሰኔ 2011፣ እንደገና በሰኔ 2012 መጨረሻ በአገር ደረጃ ተዘግቶ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ደንበኞቹን በቴሌግራም ብቻ የያዘ ነጋዴ በዚያ ጊዜ ክፉኛ ተጎድቷል። በ058 የሚጀምር መደበኛ ቁጥርን ከቢዝነስ ካርድ ላይ አለማውጣት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ደግሞም በቴሌግራምና በዋትስአፕ ወደ መደበኛ ስልክ አይደወልም፤ መተግበሪያው በሁለቱም ወገን መኖር አለበት።

ሆቴሎች ሌላ አማራጭ አላቸው። እንግዳ መቀበያውን፣ ወጥ ቤቱንና ክፍሎቹን በራሳቸው የውስጥ ኔትወርክ በአይፒ ስልክ፣ ማለትም ድምፅን በኮምፒውተር ኔትወርክ በሚያስተላልፍ ስልክ፣ ማገናኘት ይችላሉ። ይህ ዳታ አይቆጥርም፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ከክፍል ወደ ክፍል ይደወላል።

ለቤት ተጠቃሚ የሰዓቱ ነገር አለ። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሰው ሥራ ላይ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ “ዘመድህ ነኝ” ላለ ሁሉ መስጠት አይገባም። ኮዱን የወሰደ ሰው አካውንቱን ወስዶ በእርስዎ ስም ከወዳጆችዎ ብር ይጠይቃል።