የዕፅዋት ሳይንስና የአግሮኖሚ ተመራማሪዎች ደረጃ በመጠቀስ ብዛት፦ ከጅማ ሲታይ

አንድ ተመራማሪ ያሳተማቸው ጽሑፎች በሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ውስጥ ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደተጠቀሱ ቆጥሮ ባለሙያዎችን በደረጃ ማስቀመጥ በዕፅዋት ሳይንስና በአግሮኖሚም (በሰብል አመራረት ጥናት) የተለመደ አሠራር ሆኗል። የቆጠራው መሠረት ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 ለኅትመት ያበቁት የሳይንስ ጽሑፎች የዋቢ ማውጫ ነው፤ ማውጫው ሲታሰብ ግን አንባቢ የሚፈልገውን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኝ ነበር እንጂ ሰውን ከሰው ለማወዳደር አልነበረም።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ኤች-ኢንዴክስ ነው። የተመራማሪው ጽሑፎች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምሮ በተራ ይደረደራሉ፤ የመጠቀስ ብዛቱ ከተራ ቁጥሩ ያላነሰው የመጨረሻው ጽሑፍ ተራ ቁጥር ኤች-ኢንዴክሱ ነው። ስድስት ጽሑፎች 40፣ 22፣ 9፣ 6፣ 5 እና 3 ጊዜ ተጠቅሰው ከሆነ አምስተኛው አምስት ስለሞላ፣ ስድስተኛው ግን ስድስት ስላልሞላ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ይሆናል። በዚሁ ስሌት በሕይወቱ አንድ ጽሑፍ ብቻ ያሳተመ ሰው ያ ጽሑፍ ሁለት ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለትም ውጤቱ ከ1 አያልፍም። የጽሑፎች መፈለጊያው ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም ሪፖርትንም ስለሚቆጥር ያው ሰው እዚያ የሚያገኘው ቁጥር ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ በተባሉት የመረጃ ቋቶች ከሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ምንጩ ያልተነገረ ኤች-ኢንዴክስ ስለዚህ ብዙም አያስተማምንም።

ደረጃ አውጪዎቹም መንገዳቸው ይለያያል። ዌብ ኦፍ ሳይንስን የሚያስተዳድረው ክላሪቬት ኩባንያ በየዓመቱ የሚያወጣው ዝርዝር በየመስኩና በየኅትመት ዓመቱ እጅግ ከተጠቀሱት አንድ በመቶ ጽሑፎች መካከል ብዙ ያላቸውን ይመርጣል። በጆን ዮአኒዲስ የሚመራው የስታንፎርድ ቡድን ዝርዝር ስድስት መለኪያዎችን አዋህዶ፣ ብቸኛ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደራሲ የሆነበትን ሥራ ለይቶ ያያል፤ ሰው ራሱን የጠቀሰበትን አስገብቶም አውጥቶም ያሰላል። ሪሰርች ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ የሚጠቀምበት ዲ-ኢንዴክስ ደግሞ በአንድ የሙያ መስክ ውስጥ ብቻ የተወሰነ ኤች-ኢንዴክስ ነው።

ጅማ ይህ መለኪያ የሚይዘውም የሚያመልጠውም ጎን ለጎን የሚታይባት ከተማ ናት። የግብርናና ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር በመዋሐድ ጅማ ዩኒቨርሲቲን መሥርቷል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በመልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በቡና ምርምር ይታወቃል። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሲቢዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሲታይ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ እያጠቆረ ያረግፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ በየጫካውና በየማሳው እየዞሩ በበሽታው ያልተጠቁ እናት ዛፎችን መረጡ፤ ከዘራቸው ችግኝ አፍልተው በችግኝነታቸው የበሽታውን ፈንገስ እያስያዙ ፈተኗቸው። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 ምርጫው የተካሄደበትን እ.ኤ.አ. 1974 ያመለክታል። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ በውጭ አገር ቡና ቆልተው በሚሸጡ ድርጅቶች ከረጢት ላይ ሳይቀር ታትመው ይታያሉ። ገበሬው ችግኙን ሲተክል፣ ቡና ቆዪው ድርጅት ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ ሲያትም ግን አንድም ዋቢ አይመዘገብም።

ከዚህ በተጨማሪ የሰብሉ ዓይነት ራሱ ያዳላል። አራቢዶፕሲስ የምትባለው የቤተ ሙከራ አረም በዓለም ዙሪያ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ስለሚሠሩባት በእርሷ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ጠቃሽ አያጣም። እንሰትን ወይም አንጮቴን የሚያጠና ሰው ጽሑፉን የሚጠቅሱለት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቡና ቢያንስ ብራዚልና ኮሎምቢያን በመሳሰሉ አገሮች አንባቢዎች አሉት። የማሳ ሙከራም ጊዜ ይበላል፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ብቻ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፣ ምርቱን በትክክል ለማነጻጸር ደግሞ ተከታታይ የምርት ዘመኖች ያስፈልጋሉ። የቁጥር ጨዋታው ለዚህ ትዕግሥት ዋጋ አይሰጥም ማለት ማጋነን አይሆንም።

በጅማው የግብርናና ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በርካታ ጽሑፎችን አሳትመዋል፤ የሸላሚዎቹ ውሳኔ የተመሠረተው ግን ዝርያዎቹ ለአፍሪካ ገበሬዎች ባስገኙት ምርት ላይ ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከሁሉ በፊት የሚመጣው ችግር ግን የስም ነው። የመረጃ ቋቶቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥሩታል፤ በዚህም የአባታቸው ስም አንድ የሆነ፣ የራሳቸውም ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ሁለት ሰዎች ወደ አንድ መዝገብ ይገባሉ። በተቃራኒው ጫላ የተባለ ሰው ስሙ በአንዱ ጽሑፍ በቁቤ (Caalaa)፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ልማድ (Chala) ተጽፎ ከሆነ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ኤች-ኢንዴክሱ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ (ORCID) የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተመራማሪ አሥራ ስድስት አኃዝ ያለው መለያ በመስጠት ይህን ያቃልላል፤ ተመራማሪው ግን ቁጥሩን አውጥቶ የቀድሞ ጽሑፎቹን ከመለያው ጋር ማያያዝ ይኖርበታል።