ያገለገለ ስፒከርና ክሮስኦቨሩ፦ ባህር ዳር ላይ ለምታድሱ

ክሮስኦቨር ስፒከር ሳጥን ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ሰሌዳ ናት። ከአምፕሊፋየር የመጣውን ድምፅ ታካፍላለች፤ ወፍራሙን ለትልቁ ድምፅ ማውጫ ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለትንሹ ለትዊተር። እሷ ባትኖር ቤዙ ትዊተሩን ያቃጥለው ነበር። በላይዋ ያሉት ካፓሲተር፣ ኮይል (የተጠመጠመ ሽቦ) እና ሬዚስተር ናቸው።

ቀድሞ የሚደክመው ካፓሲተሩ ነው። ድሮ ስፒከሮች ላይ የሚበዛው ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። እዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ስለዚህ ስፒከራችሁን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታውሉት። ካፓሲተሩ ሲደርቅ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። ሰው ግን ትዊተሩ ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ሊገዛ ይሮጣል።

ምርጡ ምትክ የማይደርቀው ፊልም ካፓሲተር ነው። ማይክሮፋራዱን፣ ማለትም የካፓሲተሩን መጠን፣ ግን አትንኩ! ለ8 ኦም ትዊተር ብቻውን የተቀመጠ 8 ማይክሮፋራድ ከ2,500 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ድምፅ ይቆርጣል፤ 4 ብታደርጉት መቁረጫው ወደ 5,000 ይሸሻል፣ መሃል ላይ ያለው ድምፅ ይጎድላል። በላዩ የተጻፈው ቮልት ከድሮው ቢበልጥ ችግር የለውም። ፊልሙ ገበያ ላይ ከጠፋ ባይፖላር (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ) ኤሌክትሮላይቲክ ፈልጉ። እሱም ከጠፋ ሁለት ባለ 16 ማይክሮፋራድ ተራ (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያላቸው) ኤሌክትሮላይቲኮችን ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኝታችሁ በተከታታይ ብትሶልዱ 8 ይወጣችኋል። አንዱን ተራ ብቻውን ግን በፍጹም፣ የሙዚቃ ሲግናል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ አይችለውም።

ፊልም ስታስገቡ ትዊተሩ ትንሽ ሊጮህ ይችላል። ከ1 ኦም በታች የሆነ ሬዚስተር በተከታታይ ብትጨምሩ ይረጋጋል። ኮይሉን እኔ ብሆን አልነካውም፤ የሽቦው ሬዚስታንስ ከተቀየረ ቤዙም ይቀየራል።

ለመፈተሻ ከበገና የተሻለ አላውቅም። የአውታሩ ወፍራም ድምፅ በዉፈር ይወጣል፣ እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚፈጥረው ዝዝታ ደግሞ ብዙው ወደ ትዊተር ይሄዳል፤ ክሮስኦቨሩ ከደከመ ዝዝታው ይጠፋና አውታሩ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለ ይመስላል። መጀመሪያ አንዱን ስፒከር ብቻ አድሱ። አምፕሊፋየሩን ሞኖ አድርጋችሁ፣ ባላንሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ካልታደሰው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱን ከሰማችሁ ሁለተኛውንም በዚያው ዓይነት ካፓሲተር ጨርሱት፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ እንዳይቀር።